የባሕር ሽፍቶች ሕግ

በውጊያ ቀኝ ክንዱን ያጣ ሰው 600 የስፔን ብር ይሰጠዋል። ግራ ክንዱን ያጣ 500፣ ቀኝ እግሩን ያጣ 500፣ ግራ እግሩን ያጣ 400 ያገኛል። ለአንድ ዐይን 100፣ ለአንድ ጣትም እንዲሁ 100 ተቆርጧል። የካሳው ሒሳብ የሚወራረደው ከሁሉ በፊት ነው። ጤነኞቹ የሚካፈሉት የቆሰሉት ወስደው የተረፈውን ነው።

ይህን የጉዳት ካሳ ተመን ያወጣው የመድን ድርጅት ወይም የሠራተኞች ማኅበር አይደለም። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካሪቢያን ባሕር እየተዘዋወሩ መርከብ ይዘርፉ የነበሩ እንግሊዛውያን፣ ፈረንሳውያንና ሌሎችም ወንበዴዎች ናቸው። ጽፎ ያቆየልን ደግሞ አብሯቸው የኖረና ቁስላቸውን ያከመ አሌክሳንደር ኤክስኩሜሊን የተባለ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1678 በሆላንድ ቋንቋ ታትሟል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባሕር ወንበዴ ሲባል በብዙዎቻችን ዐይነ ሕሊና የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። አንድ እግሩ እንጨት፣ በትከሻው ላይ በቀቀን፣ በኪሱ የተቀበረ ወርቅ የሚጠቁም ካርታ የያዘ ሰው። ይህን ምስል በዓለም ዙሪያ ያሰራጨው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1883 በመጽሐፍ መልክ ያወጣው «ትሬዠር አይላንድ» የተሰኘው ልቦለድ ነው። ሲኒማው ደግሞ የቀረውን ጨመረበት። እውነተኞቹ ወንበዴዎች ግን ከልቦለዱ ሰዎች ይልቅ ድሆች፣ ከልቦለዱ ሰዎች ይልቅ ጨካኞች፣ ደግሞም ከልቦለዱ ሰዎች ይልቅ ሕግ አክባሪዎች ነበሩ።

የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ መለያ ይሰጠናል። «ወንበዴ» እና «ሽፍታ» አንድ አይደሉም። ወንበዴ መዝረፍን ሥራዬ ብሎ የያዘ ነው። ሽፍታ ግን ብዙውን ጊዜ «ተበደልኩ፣ ፍርድ አጣሁ» ብሎ ዱር የገባ ነው፤ ሕዝቡም እየፈራው ያዝንለታል፣ እያዘነለትም ይፈራዋል። ታዲያ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ያመፁትና ጥቁር ሰንደቅ የሰቀሉት ሰዎች የትኞቹ ነበሩ? ወንበዴዎች ወይስ ሽፍቶች?

ንጉሥ ሲፈቅድ

ነገሩ የጀመረው ከቤተ መንግሥት ነው። ፍራንሲስ ድሬክ ከ1577 እስከ 1580 ባደረገው ጉዞ ዓለምን ዞረ፤ በመንገዱም የስፔን መርከቦችንና ወደቦችን እየዘረፈ ወርቅና ብር ጭኖ ተመለሰ። ንግሥት ኤልሳቤጥም በ1581 ወደ መርከቡ ሄደው የ«ሰር» ማዕረግ ሰጡት። በስፔናውያን ዘንድ ይህ ሰው ያው ወንበዴ ነበር።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሄንሪ ሞርጋን የተባለው የዌልስ ሰው በ1671 የፓናማን ከተማ ዘረፈ። ከተማይቱም ተቃጠለች። እንግሊዝና ስፔን ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታርቀው ነበርና ሞርጋን ተይዞ ወደ ለንደን ተወሰደ። ይሰቀላል ሲባል በ1674 «ሰር ሄንሪ» ተብሎ ተሾመና የጃማይካ ምክትል ገዥ ሆኖ ተመለሰ። በ1688 ባለ ርስት ሆኖ፣ በክብር ሞተ።

በባሕር ላይ በጀግናና በወንበዴ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር ማለት ነው። መንግሥት በጦርነት ጊዜ ለግል መርከቦች የዘረፋ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃድ የያዘው የጠላትን መርከብ ቢዘርፍ አርበኛ ይባላል። ሰላም ሲወርድ ወረቀቱ ይሻራል፤ ሰውየው ግን ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም።

ከጅራፍ በታች

የተራውን መርከበኛ ኑሮ ያላየ ሰው ለምን እንደ ሸፈተ አይገባውም። በጦርነት ዘመን የንጉሡ ባሕር ኃይል ሰው ሲጎድልበት በየወደቡ አፈሳ ያካሂዳል። ከመጠጥ ቤት ወይም ገና ወደብ ከገባ የንግድ መርከብ ላይ ጎልማሶች እየተያዙ ይወሰዳሉ። ደመወዝ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይዘገያል። በንግድ መርከብ ላይ ደግሞ የካፒቴኑ ሥልጣን ወሰን አልነበረውም። ባሕር መሐል ይግባኝ የሚባልበት ዳኛ የለም። ጅራፍ የዕለት ምግብ ያህል የተለመደ ነበር። ሥራ ፈት አካለ ጎደሎ መርከበኞች በእንግሊዝ ወደቦች ጎዳና ላይ ሲለምኑ ማየትም ብርቅ አልነበረም።

በ1713 ረጅሙ የስፔን አልጋ ወራሽነት ጦርነት ሲያበቃ ሁኔታው ባሰ። ሃምሳ ሺህ ያህል ሰው የነበረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ አሥራ ሦስት ሺህ ገደማ ዝቅ አለ። ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ ባሕርን እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው ሜዳ ላይ ተበተነ። ፈላጊው ስለበዛ የንግድ መርከበኛ ደመወዝም በግማሽ ያህል ወረደ። ከ1716 እስከ 1726 ያለው ዐሥር ዓመት የባሕር ውንብድና የደራበት ጊዜ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

በባብ ኤል መንደብ

ከዚያ በፊት ግን ለሁሉም ምሳሌ የሆነው ሄንሪ ኤቭሪ ነው። ኤቭሪ በ1694 በስፔን ላ ኮሩኛ ወደብ ቆሞ በነበረ «ቻርልስ ዳግማዊ» በተባለ መርከብ ላይ የካፒቴኑ ምክትል ነበር። መርከበኞቹ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ወራት አልፈዋል። አቤቱታቸው ሰሚ አላገኘም። በግንቦት ወር አንድ ሌሊት ካፒቴኑ ታሞ በተኛበት መልሕቁን ነቅለው መርከቡን ይዘው ወጡ። አብሮ መሄድ ያልፈለገ ሁሉ፣ ካፒቴኑ ጭምር፣ በጀልባ ወደ የብስ ተላከ። ደም አልፈሰሰም። መርከቡ «ፋንሲ» የሚል አዲስ ስም ወጣለትና አፍሪካን ዞሮ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ገባ።

በነሐሴ 1695 ኤቭሪ የደረሰበት ቦታ ለእኛ ቅርብ ነው። በባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ጠረፍ ማዶ በምትገኘው በፔሪም ደሴት አደፈጠ። ያን ጊዜ በጎንደር አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የመጡ አምስት መርከቦችም ተቀላቀሉትና ስድስት ሆኑ። የሚጠብቁት ከመካ ደርሰው በሞካ በኩል ወደ ሕንድ የሚመለሱትን ሐጃጆችና ነጋዴዎች የጫኑትን መርከቦች ነበር።

መርከቦቹ በሌሊት አለፏቸው። ወንበዴዎቹም ተከተሉ። መጀመሪያ አንዱን ያዙ። ከዚያም «ጋንጅ-ኢ-ሳዋይ» የተባለውን የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን ታላቅ መርከብ ደረሱበት። መርከቡ ብዙ መድፎችና በመቶ የሚቆጠሩ ወታደሮች ነበሩት። ነገር ግን ከመድፎቹ አንዱ ፈንድቶ የራሱን ሰዎች ገደለ፤ ከፋንሲ የተተኮሰ ጥይትም ዋናውን የሸራ ምሰሶ መታው። መርከቡ ከጥቂት ሰዓታት ውጊያ በኋላ ተያዘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በጀብዱ ተረቶች ውስጥ ብዙ አይነገርም። ወንበዴዎቹ ለቀናት ተሳፋሪዎቹን ገንዘብ የደበቃችሁበትን አሳዩ እያሉ አሠቃዩ። ሴቶችን ደፈሩ። ከውርደቱ ሞትን መርጠው ወደ ባሕር የዘለሉ ሴቶችም ነበሩ። እያንዳንዱ ወንበዴ ግን ተራ መርከበኛ በዕድሜው ሙሉ ሊያጠራቅም የማይችለውን ወርቅና ብር ተካፈለ።

አውራንግዜብ ተቆጡ። የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኞች በሱራት ታሰሩ፤ ንግዱም ቆመ። የለንደን መንግሥት ኤቭሪን ላስያዘ 500 ፓውንድ እሰጣለሁ አለ፤ ኩባንያው ዕጥፍ አደረገው። ኤቭሪ ግን በ1696 የደረሰበት ጠፋ። እስከ ዛሬም የት እንደ ሞተ አልታወቀም።

ከሰዎቹ ስድስቱ ተይዘው በ1696 ለንደን ውስጥ ለፍርድ ቀረቡ። የሚገርመው፣ ከተራው ሕዝብ የተውጣጡት ፈራጆች ከውንብድናው ክስ ነፃ አወጧቸው። መንግሥት ደንግጦ መርከብ ሰርቃችኋል በሚል ሌላ ክስ መሠረተባቸውና በሁለተኛው ችሎት ጥፋተኞች ተባሉ። አምስቱ በኅዳር ወር ተሰቀሉ። የለንደን ሕዝብ ለሽፍታ እንዴት እንደሚያዝን ያ የመጀመሪያው ፍርድ ይመሰክራል።

የመርከቡ ሸንጎ

ጅራፍ ያሳደገው ሰው መርከቡ በእጁ ሲገባ ምን ያደርጋል? አዲስ ጅራፍ ያነሣል ብለን ልንጠብቅ እንችላለን። ወንበዴዎቹ ግን ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ተሰብስቦ ሕግ መጻፍ ነበር። እያንዳንዱም በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም በመጥረቢያ ላይ ሳይቀር ምሎ ይፈርማል፤ መጻፍ የማይችል ምልክት ያደርጋል።

ከእነዚህ ሕጎች እጅግ የታወቀው የባርቶሎሜው ሮበርትስ መርከብ ደንብ ነው። ሮበርትስ የዌልስ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1719 በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በወንበዴዎች ሲማረክ በአንድ የባሪያ ንግድ መርከብ ላይ ተቀጣሪ ነበር። ከተማረከ ሁለት ወር ሳይሞላው የማራኪዎቹ ካፒቴን ተገደለና እሱን መረጡት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ገደማ ከ400 የሚበልጡ መርከቦችን እንደ ያዘ ይነገርለታል።

ደንቡ እንዲህ ይላል ማለት ይቻላል። በአስፈላጊ ጉዳይ ሁሉ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ አለው። ትኩስ ምግብና መጠጥ ሲገኝ የሁሉም ነው። በገንዘብ ቁማር መጫወት ክልክል ነው። ማታ በሁለት ሰዓት መብራት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መጠጣት የፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ በጨለማ ይጠጣ። መሣሪያው ዘወትር የተወለወለ ይሁን። በመርከብ ላይ መደባደብ አይፈቀድም፤ የተጣሉ ሰዎች ጉዳያቸውን በየብስ ላይ በሽጉጥና በሰይፍ ይጨርሱ። በውጊያ ጊዜ ጥሎ የሸሸ ይሞታል ወይም ሰው በሌለበት ደሴት ይጣላል። ሙዚቀኞች በሰንበት ያርፋሉ።

የምርኮ ክፍፍሉም ተጽፏል። ካፒቴኑ ሁለት ድርሻ ይወስዳል። መድፈኛው አንድ ተኩል። ተራው መርከበኛ አንድ። በንጉሡ መርከብ ላይ ግን በካፒቴኑና በተራው መርከበኛ ድርሻ መካከል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት ነበር።

ካፒቴኑ የሚያዘው በማሳደድና በውጊያ ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉ ከእርሱ እኩል የሚከበር አንድ ሹም አለ። «ኳርተርማስተር» ይሉታል፤ እኛ «መጋቢ» ልንለው እንችላለን። እሱም በምርጫ ይሾማል። ምግብ ያከፋፍላል፣ ምርኮ ይመዘግባል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ካፒቴኑ ከልኩ እንዳያልፍ ይጠብቃል። ካፒቴኑ የተለየ ምግብ አይበላም። ወደ ክፍሉም ያሻው ሰው ገብቶ ከሳህኑ ሊቀምስ፣ ከጽዋው ሊጠጣ ይችላል። ፈሪ ወይም ጨካኝ ሆኖ ከተገኘ በድምፅ ይሻራል።

በ1719 በሴራሊዮን ወንዝ በወንበዴዎች የተያዘው እንግሊዛዊ ካፒቴን ዊልያም ስኔልግሬቭ ያየውን ጽፏል። ሦስት የወንበዴ ካፒቴኖች ወደ የብስ ወርደው ሴቶችን ለመጎብኘት ፈለጉና ከስኔልግሬቭ ሣጥን በጥልፍ ያጌጡ ካፖርቶች አውጥተው ለበሱ። አጭሩ ካፒቴን የደረሰው ረጅሙ ካፖርት ነበርና እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወረደበት። ሲመለሱ ግን መርከበኞቹ በቁጣ ጠበቋቸው። ለምን? መጋቢውን ሳያስፈቅዱ የጋራ ንብረት ነክተዋል። ካፖርቶቹ ከላያቸው ተገፈው ወደ ጋራው ሣጥን ተመለሱ፤ በጨረታ ሊሸጡ። ካፒቴን ዛሬ ካፖርት በራሱ ፈቃድ ከወሰደ ነገ ወርቁን ይወስዳል ብለው ፈርተው ነው።

ይኸው ስኔልግሬቭ ነፍሱ የተረፈችው በምስክር ነው። ሲያዝ አንዱ ወንበዴ ሊገድለው ሲቃጣ የራሱ መርከበኞች ከዚህ የተሻለ አለቃ አላየንምና አትግደሉት ብለው ጮኹ። ወንበዴዎች አንድ የንግድ መርከብ ሲይዙ መርከበኞቹን ካፒቴናችሁ እንዴት ይዟችኋል ብለው ይጠይቁ ነበር። ደግ ነው ከተባለ ይለቀቃል፤ ጨካኝ ከሆነ ጅራፉ በራሱ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይከፋል። በየብስ ይግባኝ ያልነበራቸው ሰዎች በባሕር ላይ ችሎት ዘረጉ ማለት ነው።

ከዘረፋ እስከ ዘረፋ

ይሁንና የወንበዴ ሕይወት አብዛኛው ክፍል ችሎትም ውጊያም አልነበረም። መጠበቅ ነበር። ሳምንታት ያልፋሉ፤ አድማስ ላይ ሸራ አይታይም። ሥራው ግን ቀላል ነው። ዐሥራ አምስት ሰው የሚያንቀሳቅሰውን የንግድ መርከብ የሚያህል መርከብ እነሱ ሰማንያ ሆነው ይዘውታል። ዳማና ካርታ ይጫወታሉ፤ ቫዮሊንና ከበሮ ያስመታሉ፤ ይዘፍናሉ፤ ይጠጣሉ፤ ይጣላሉ።

በ1722 ገደማ የቶማስ አንስቲስ ወንበዴዎች በኩባ አቅራቢያ በምትገኝ ደሴት ተደብቀው ከንጉሡ ምሕረት ሲጠብቁ ጊዜ ማሳለፊያ ያደረጉት ቴአትር ነው። አንዱ ዳኛ ሆኖ ዛፍ ላይ ይወጣል፤ ቆሻሻ ሸራ ለካባ፣ የገመድ ጭራ ለዳኛ ጸጉር ይሆንለታል። ሌላው ዐቃቤ ሕግ፣ ሌላው ተከሳሽ ይሆናል። ዳኛው ምሳዬ ደርሷልና ይሰቀል ብሎ ይፈርዳል። በሚሞቱበት ሞት ይስቁ ነበር።

ምግባቸው ሲበዛ ይትረፈረፋል፣ ሲጠፋ ጨርሶ ይጠፋል። የዘወትሩ ቀለብ ድንጋይ የሚያህል ደረቅ ብስኩትና በጨው የተቀመጠ የበሬ ወይም የአሳማ ሥጋ ነው። ብስኩቱን ነቀዝ ይወርሰዋል፤ ብዙዎች ላለማየት በጨለማ መብላት ይመርጡ ነበር ይባላል። በበርሜል የተያዘ ውሃ ከሳምንታት በኋላ ይሸታል፤ ስለዚህም ቢራና ሩም ይጠጣል። በካሪቢያን ትልቁ በረከት የባሕር ኤሊ ነበር። በሕይወቱ ገልብጠው መርከብ ላይ ካስቀመጡት ለሳምንታት ትኩስ ሥጋ ይሆናል። አትክልትና ፍራፍሬ ሲጠፋ ድድ የሚያደማውና ጥርስ የሚያረግፈው ስከርቪ የተባለው በሽታ ይነሣል።

መርከብ ራሱም ይታመማል። በሞቃት ባሕር እንጨት የሚበላ ትል አለ። ከሥር አረምና ዛጎል ይለጥፍበታል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ለወንበዴ ደግሞ ፍጥነት ማለት ሕይወት ነው፤ የሚያድነውን ለመድረስም፣ ከሚያድነው ለማምለጥም። ስለዚህ በዓመት ጥቂት ጊዜ በተደበቀ ሰርጥ መርከቡን በጎኑ አጋድመው ይፍቁታል፣ ዝፍት ይቀቡታል። ከሁሉ የሚፈሩትም ያንን ጊዜ ነው። መርከቡ ተጋድሞ ጠላት ቢደርስ ማምለጫ የለም።

ሐኪም ብርቅ ነበር። ባይገኝ እግር የሚቆርጠው አናጢው ነው፤ መጋዝ ያለው እሱ ነውና። በጥቁር ጢሙ የሚታወቀው ኤድዋርድ ቲች፣ በሰፊው ስሙ «ብላክቢርድ»፣ በግንቦት 1718 የቻርልስተንን ወደብ ዘግቶ የከተማይቱን ታላላቅ ሰዎች ሲይዝ የጠየቀው ቤዛ ወርቅ አልነበረም። አንድ ሣጥን መድኃኒት ነበር። የመርከቡ ስብርባሪ በ1996 በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ሲገኝ ከመድፎቹ ጋር የሕክምና መሣሪያዎችም ወጥተዋል።

ይኸው ብላክቢርድ ውጊያ ሲቀርብ የሚጤስ የመድፍ ክር ከባርኔጣው ሥር አንጠልጥሎ ይታይ እንደ ነበር ይተረክለታል። ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። ወንበዴ ውጊያ አይወድም። ውጊያ ሰው ይገድላል፣ ዕቃ ያበላሻል፣ ካሳ ያስከፍላል። ጥቁሩ ሰንደቅ፣ የራስ ቅሉና የአሸዋ ሰዓቱ ሥዕል መልእክታቸው አንድ ነው፤ ጊዜህ እያለቀ ነውና ሳትተኩስ እጅህን ስጥ። አብዛኛው የንግድ መርከብም ሳይተኩስ ይሰጥ ነበር። ለባለ ንብረቱ ሲል የሚሞት መርከበኛ ጥቂት ነው።

ገመዱ

መንግሥት ለመቶ ዓመት ያሳደገውን ልጅ በመጨረሻ ሊያጠፋው ተነሣ። በ1717 ንጉሥ ጆርጅ እጁን ለሚሰጥ ምሕረት አወጁ። በሐምሌ 1718 ዉድስ ሮጀርስ አዲስ ገዥ ሆኖ የወንበዴዎቹ መናኸሪያ ወደ ነበረችው ናሶ ደረሰ። ይህ ሰው ራሱ ባለፈቃድ ዘራፊ የነበረ ነው። ብዙዎች ምሕረቱን ተቀበሉ፤ ተመልሰው የሸፈቱት ተሰቀሉ።

ብላክቢርድ በዚያው ዓመት ኅዳር ኦክራኮክ በተባለ ቦታ ተገደለና ራሱ ከመርከብ አፍንጫ ላይ ተንጠለጠለ። በ1720 በጃማይካ ጃክ ራካም ከሰዎቹ ጋር ተሰቀለ። አብረውት ከተያዙት መካከል የወንድ ልብስ ለብሰው ይዋጉ የነበሩ አን ቦኒና ሜሪ ሪድ የተባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ፍርድ ሲሰጥ ሁለቱም እርጉዞች ነን አሉ፤ ስቅላታቸውም ተላለፈ። ሪድ በ1721 እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ቦኒ ወዴት እንደ ደረሰች አይታወቅም።

ሮበርትስ በየካቲት 1722 በምዕራብ አፍሪካ ኬፕ ሎፔዝ አጠገብ የባሕር ኃይሉ «ስዋሎ» መርከብ ደረሰበት። ቀይ ሐር ለብሶ፣ የወርቅ ሐብል አጥልቆ ቆሞ ሲያዝ አረር ጉሮሮውን መታው። ሰዎቹም ቀድሞ እንደ ተናዘዘው ከነጌጡ ወደ ባሕር ጣሉት። በሐቀኛ ሥራ የሚገኘው ትንሽ እንጀራና ብዙ ድካም ነው፤ አጭርም ቢሆን የደስታ ዕድሜ ይሻለኛል የሚል ሰው እንደ ነበር ይነገርለታል። «ከሞቱ አሟሟቱ» ማለት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከሰዎቹ 52ቱ በኬፕ ኮስት ምሽግ ተሰቀሉ። በ1716 እና በ1726 መካከል በአጠቃላይ ከ400 የማያንሱ ወንበዴዎች መሰቀላቸውን የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

የካሳው ሌላ ገጽ

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የመጡበትን ስናይ ሽፍቶች ናቸው። ደመወዝ የተከለከሉ፣ የተገረፉ፣ በአፈሳ የተያዙ ሰዎች ናቸው። እርስ በርሳቸው የተዳደሩበትን ሕግ ስናይም በዚያ ዘመን የትኛውም የአውሮፓ መንግሥት ለተራው ሰው ያልሰጠውን መብት ሰጥተዋል። ተራው እንግሊዛዊ ለፓርላማ ድምፅ መስጠት ሳይችል የባሕሩ ሽፍታ ካፒቴኑን ይመርጥ ነበር።

ነገር ግን ያ ሕግ የሚያበቃው በመርከቡ ጠርዝ ላይ ነው። በጋንጅ-ኢ-ሳዋይ ላይ የነበሩት ሴቶች ድምፅ አልተሰጣቸውም። በ1722 ኤድዋርድ ሎው የተባለው የለንደን ተወላጅ ወንበዴ በግዴታ ይዞት የሄደው ፊሊፕ አሽተን የተባለ ወጣት ዓሣ አጥማጅም ደንቡን አልፈርምም ብሎ ብዙ ተደብድቧል። በ1723 ውሃ ለመቅዳት በወረዱበት በሮአታን ደሴት ጫካ ገብቶ አመለጠ። መጀመሪያ ላይ ቢላዋና እሳት ሳይኖረው በፍሬና በኤሊ ዕንቁላል እየኖረ አንድ ዓመት ከአራት ወር ያህል ቆየ። ከአፈሳ የሸሹ ሰዎች ራሳቸው አፋሾች ሆነው ነበር።

በመግቢያችን የጠቀስነው የካሳ ዝርዝርም ያላነበብነው ሌላ ገጽ አለው። ኤክስኩሜሊን እንደ ጻፈው ቀኝ ክንዱን ያጣ ሰው የሚያገኘው 600 የስፔን ብር ወይም 6 ባሪያዎች ነበር። ለግራ ክንድ 5 ባሪያ፣ ለግራ እግር 4፣ ለአንድ ዐይን አንድ ሰው። ያ ሁሉ የሚያስደንቅ ፍትሕ የሚከፈለው በሌላ ሰው አካል ነበር። ከጥቁሮች መካከል በወንበዴ መርከብ ላይ መሣሪያ ታጥቀው ከነጮቹ ጎን የቆሙ ነበሩ፤ በጭነት ክፍሉ ውስጥ እንደ ዕቃ የተቆጠሩትም ነበሩ።

የንጉሡ ወገንም ከዚህ የተሻለ አላደረገም። የሮበርትስ ነጭ ተከታዮች በኬፕ ኮስት ለፍርድ ሲቀርቡ፣ አብረው የተያዙት ከስድሳ በላይ ጥቁሮች ፍርድ እንኳ አልደረሳቸውም። በቀጥታ ተሸጡ። ደጉ ካፒቴን ስኔልግሬቭ፣ ያ መርከበኞቹ የጮኹለት ሰው፣ ወደ ሴራሊዮን የመጣው ባሪያ ሊገዛ ነበር። መንግሥት በውንብድናው ላይ ያን ያህል የተነሣው የሰውን ነፍስ ለማዳን ብቻ አልነበረም። ሮበርትስና ጓደኞቹ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ የባሪያ ንግዱን ማወካቸው የለንደንና የብሪስቶል ነጋዴዎችን አስጩኋል።

ስለዚህ በዚያ ባሕር ላይ ሁለት ሕግ ነበር ማለት እንችላለን። አንዱ የንጉሡ፣ ሌላው የሽፍቶቹ። የሽፍቶቹ ለመርከበኛው የተሻለ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁንና ሁለቱም ከመርከቡ ጠርዝ ወዲያ ያለውን ሰው አያውቁትም። ተበድሎ የሸፈተ ሰው የበደልን ምንነት ከማንም ይልቅ ያውቃል። የእንግሊዝ የባሕር ሽፍቶችም ያውቁ ነበር፤ ጽፈውም ፈርመውበታል። ከሽፍታነት ወደ ወንበዴነት ያወረዳቸው ያንን ዕውቀት ለራሳቸው ብቻ ማስቀረታቸው ነው።